ጥንቃቄው ወደ እኛ ወደ ያዦቹ ይዙር፦ ስለ ችግረኞች መርጃ አገልግሎት የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለተከበራችሁ የቤተ ክርስቲያናችን አስተዳደር ጉባኤ አባላት፣

እኛ የችግረኞች መርጃ አገልግሎት ክፍል አገልጋዮች በጌታችን በኢየሱስ ክርስቶስ ስም ሰላምታችንን እናቀርባለን።

ጉባኤው ስለ ችግረኞች መርጃ አገልግሎት ያወጣው አዲስ መመሪያ ደርሶናል። መመሪያው እርዳታው ከአምልኮ በኋላ በግቢው ውስጥ ስም እየተጠራ እንዲታደል፣ ተቀባዮችም ፎቶግራፍ እንዲነሡ ያዛል። የአባልነት ማስረጃ የሌለው አይመዘገብም፤ ለእያንዳንዱ ቤተሰብ እኩል መጠን ይሰጣል፤ ማንኛውም ጥያቄ በወር አንድ ጊዜ በሚሰበሰበው ጉባኤ ይወሰናል። የችግረኞች ሣጥን ገንዘብም «ለጊዜው» ከሕንፃ ማሠሪያው ሒሳብ ጋር ተቀላቅሏል። መመሪያው ሲረቀቅ አስተያየታችሁን ስጡ አልተባልንም። ከወጣ በኋላ ያየነውን ጉዳት በቃል አመለከትን፤ መልስ አላገኘንም። ጉዳዩ ምጽዋት የሚያወጣውን ምእመን ሁሉ ስለሚመለከት በግልጽ እንጽፋለን።

የመመሪያው መነሻ ማጭበርበርን መከላከል እንደሆነ በመግቢያው ላይ ተጽፏል። ይህን ዓላማ አንቃወምም። የምንቃወመው ጥርጣሬው የወደቀበትን ወገን ነው። ሐዋርያው ጳውሎስ ከመቄዶንያና ከአካይያ ለኢየሩሳሌም ድሆች የተዋጣውን ገንዘብ ሲያስተላልፍ ብዙ ተጠንቅቋል፤ የተጠነቀቀው ግን በተሸካሚዎቹ ላይ ነበር። ገንዘቡን የሚያደርሱትን ሰዎች ምእመናኑ ራሳቸው እንዲመርጡ አደረገ (1ኛ ቆሮ. 16፥3)። ከቲቶ ጋርም አብያተ ክርስቲያናት የመረጡትን ሌላ ወንድም አብሮ ላከ፤ ምክንያቱንም ሲናገር በዚህ ስጦታ ማንም እንዳይነቅፈን፣ በጌታ ፊት ብቻ ሳይሆን በሰውም ፊት መልካም የሆነውን እናስባለን አለ (2ኛ ቆሮ. 8፥18–21)። የኢየሩሳሌም ድሆች መቸገራቸውን በምስክር ያስረዱ የሚል ቃል በመልእክቶቹ ውስጥ የለም። አዲሱ መመሪያ ነገሩን ገልብጦታል። የተራበው ሰው በሕዝብ ፊት እንዲመረመር ሲያዝ፣ ገንዘቡንና እህሉን የምንይዘውን እኛን የሚመረምር አንድ አንቀጽ እንኳ የለውም።

ከሁሉ በፊት ስለ አደባባዩ እደላ እንናገር፤ የከፋው ጉዳት እዚህ ላይ ነውና። በመዘምራን ውስጥ የሚያገለግል አንድ ልጅ የአባቱ ስም በድምፅ ማጉያ ሲጠራ ሰማ። አባትየው ከሰልፉ ወጥቶ ከረጢቱን ታቅፎ ካሜራው ፊት እስኪቆም ድረስ ልጁ አንገቱን ደፍቶ የመዝሙር ደብተሩን ገጽ ያገላብጥ ነበር። በሚቀጥለው እሑድ ልጁ አልመጣም። አባትየው ደግሞ ስሙ ከመዝገብ እንዲሰረዝለት ጠየቀ፤ ተሰረዘለትም። በመመሪያው አሠራር ይህ ቤተሰብ ዛሬ «ከእርዳታ የወጣ» ተብሎ ይቆጠራል፤ በቤቱ ግን የተለወጠ ነገር የለም። ሌላዋ ከሚደበድባት ባሏ ሸሽታ፣ የት እንዳለች እንዳይታወቅ ሰፈር ቀይራ የምትኖር እናት ናት። ፎቶዋ በማኅበራዊ ገጽ ተለጠፈ፤ ከጀርባዋ የግቢው በር ከነጽሑፉ ይነበባል። ፎቶው እንዲነሣ ስንጠይቅ «ለጋሾች ማየት ይፈልጋሉ» ተባልን።

ጌታ ምጽዋት ስታደርግ በፊትህ መለከት አታስነፋ፣ ቀኝህ የምትሠራውን ግራህ አትወቅ ያለው ለሰጪው ነው (ማቴ. 6፥2–4)። የኦሪት ሕግም ስለ ተቀባዩ ክብር ጠንቃቃ ነው፤ ለባልንጀራው ያበደረ ሰው መያዣ ለመውሰድ ወደ ተበዳሪው ቤት እንዳይገባ፣ በውጭ ቆሞ እስኪያመጣለት እንዲጠብቅ ያዝዛል (ዘዳ. 24፥10–11)። አበዳሪ እንኳ የሰውን ደጃፍ እንዲያከብር ከታዘዘ፣ ያለ ብድር የሚሰጥ ምን ያህል ይጠበቅበት?

የቀድሞው አሠራር አስቸጋሪ አልነበረም፤ አሁንም ሊመለስ ይችላል። እያንዳንዱ ቤተሰብ ቁጥር ያለው ካርድ ይይዛል፤ ካርዱ ላይ ስም የለም። ስምና ቁጥሩን የሚያገናኘው መዝገብ በተቆለፈ መሳቢያ ይቀመጣል፤ የሚያዩት ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው። ተቀባዮች በሳምንቱ መካከል በተለያየ ሰዓት፣ በየ15 ደቂቃው አንድ ቤተሰብ እየተቀጠረ ስለሚመጡ ሰልፍ አይፈጠርም። ከረጢቱ በየሱቁ የሚገኝ ተራ ከረጢት ይሁን፤ የቤተ ክርስቲያን ስም አይታተምበት። መሸከም ለማይችል አረጋዊ፣ ለሕመምተኛና ለአራስ በቤታቸው ይደርሳል። ለጋሹ ማወቅ የሚገባው ምን ያህል እንደገባ፣ ምን ያህል እንደወጣ፣ ለስንት ቤተሰብና ለስንት ሰው እንደደረሰ፣ ምን ያህል እንደቀረ ነው። ይህ በአንድ ገጽ ሰንጠረዥ በየወሩ ሊለጠፍ ይችላል፤ የማንንም ፊት አይፈልግም።

ሁለተኛው እኩል መጠን የሚለው ነው። መመሪያው ለእያንዳንዱ ቤተሰብ 15 ኪሎ እህልና 1 ሊትር ዘይት መድቧል። ለሰሚው ፍትሐዊ ይመስላል፤ ሲሰላ ግን ሌላ ነው። በዓለም አቀፍ የምግብ እርዳታ የሚሠራበት መነሻ ለአንድ ሰው በቀን 2,100 ኪሎ ካሎሪ ሲሆን፣ የተለመደው ድርሻ እህል 400 ግራም፣ ጥራጥሬ 60 ግራም፣ ዘይት 25 ግራም፣ ጨው 5 ግራም ነው፤ የቀረውን አልሚ ዱቄትና ስኳር ይሞላዋል። በዚህ ስሌት 15 ኪሎ እህል ብቻውን ለሚኖር ሰው 37 ቀን ይበቃል። ስምንት ነፍስ ባለበት ቤት በቀን 3.2 ኪሎ ስለሚያስፈልግ አምስተኛው ቀን ሳይመሽ ያልቃል፤ አንዱ ሊትር ዘይትም እንደዚያው። አምስት ሰው ያለበት ቤተሰብ ለ30 ቀን የሚያስፈልገው 60 ኪሎ እህል፣ 9 ኪሎ ጥራጥሬ፣ ወደ 4 ሊትር ዘይትና 750 ግራም ጨው ነው። ይህን ሁሉ ለሁሉም መስጠት እንደማንችል እናውቃለን። ያለን ግማሹን ብቻ የሚሸፍን ከሆነ ግማሹን እንስጥ፤ ግን በአፍ ቁጥር ይከፈል። የመጀመሪያዎቹ ክርስቲያኖች ያከፋፈሉት ለእያንዳንዱ እንደሚያስፈልገው መጠን ነበር (ሐዋ. 4፥35)።

ከመጠኑ ጋር የተያያዙ፣ ከውጭ ሲታዩ ትንሽ የሚመስሉ ነገሮችም አሉ። ሥራው እንዲፈጥን ተብሎ እህሉ በጣሳ እንዲሰፈር ታዟል። አንዱ ሰፋሪ ከጣሳው አፍ በላይ ይከምረዋል፣ ሌላው በመዳፉ ይልገዋል፤ በአንድ ጣሳ የሚታየው ልዩነት በአሥር ጣሳ ሲባዛ ጠብ ያስነሣል፤ ጠብ መነሣቱንም አይተናል። በዚያ ላይ ደቃቅና ደረቅ እህል በአንድ ጣሳ እኩል አይመዝንም። በሚዛን ይሁን። ሚዛኑ ጠዋት ጠዋት ክብደቱ በታወቀ ነገር ይፈተሽ፤ ከታሸጉት ከየ20ው ከረጢት አንዱ በሌላ ሰው እጅ እንደገና ይመዘን። 50 ኪሎ የሚል ጽሑፍ ያለበት ጆንያም ሲገዛ ይመዘን፤ ጎድሎ የሚመጣበት ጊዜ አለና።

ምድጃና ነዳጅ ለሌለው፣ ወይም ጥርስ ለሌላቸው አረጋውያን ያልተፈጨ እህል መስጠት ችግሩን ወደ እነርሱ ማዛወር ነው፤ ለእነርሱ ዱቄት በየሁለት ሳምንቱ በትንሽ በትንሹ ቢሰጥ ይሻላል፤ ዱቄት እንደ እህል ረጅም ጊዜ አይቀመጥምና። በለጋሾች የመጣውን የዱቄት ወተት ለሚያጠቡ እናቶች እንድናድል የተሰጠንን ትእዛዝ ግን መፈጸም አንችልም። ንጹሕ ውኃና የሚቀቀል ጡጦ በሌለበት ቤት የዱቄት ወተት ሕፃኑን ለተቅማጥ ያጋልጣል፤ ጡት መጥባቱ ሲቀንስ የእናቲቱ ወተት ይቀንሳል፤ ጣሳው ሲያልቅ ደግሞ ሕፃኑ ሁለቱንም ያጣል። እናቲቱን ራሷን ማብላት ይሻላል። ጡት መጥባት የማይችል ሕፃን ካለ በጤና ባለሙያ እጅ ይታይ። ተከፍቶ የተረፈ መድኃኒትም በሣጥን አይሰብሰብ። የዓለም ጤና ድርጅት የመድኃኒት ልገሳ መመሪያ ለሕሙማን ተሰጥቶ የተመለሰ መድኃኒት እንዳይለገስ፣ የሚለገሰውም ሲደርስ ቢያንስ አንድ ዓመት የአገልግሎት ጊዜ እንዲቀረው ይጠይቃል።

መጋዘኑ ለሕንፃው ዕቃ ከተሰጠ ወዲህ እህሉ ከሲሚንቶ፣ ከቀለምና ከቀለም ማቅጠኛ ጋር በአንድ ክፍል ተቆልሏል። ዱቄት ሽታ ይስባል፤ ሽታ የሳበ ዱቄት ደግሞ አይበላም። በባዶ ወለል ላይ የተቀመጠ ጆንያ ከሥሩ እርጥበት ይጠጣል፣ ይሻግታል። እህሉ በእንጨት ርብራብ ላይ፣ ከግድግዳው ሰው በሚያሳልፍ ርቀት ይቀመጥ፤ ቀድሞ የገባው ቀድሞ ይውጣ። በመጋዘኑ በር ላይ የገባ፣ የወጣና የቀረ የሚጻፍበት ቢን ካርድ ይንጠልጠል።

ልብስን በተመለከተ የምንለው አጭር ነው፦ ታጥቦና ደርቆ፣ ቁልፉ ተሟልቶ፣ ጫማው በማሰሪያው ጥንድ ሆኖ ታስሮ ይምጣ። እርጥብ የገባ አንድ ልብስ በዙሪያው ያለውን ክምር ያሻግታል።

ወደ ሦስተኛው ቅሬታችን እንለፍ። አንዲት መበለት የተሰጣትን ዘይት ሸጠች ተብላ ከመዝገብ ተሰርዛለች። የሸጠችው ለልጇ የአስም መድኃኒት ለመግዛት ነው። ገዢው የሰጣት ዘይቱ ከሚያወጣው በጣም ያነሰ ነበር፤ ቸኩሎ የሚሸጥ ሰው ዋጋ አያገኝምና። ይህ በእኛ ዓይን ማጭበርበር አይደለም፤ ለእርሷ የሚያስፈልጋትን ሳንጠይቅ ያለንን እንደሰጠናት ማስረጃ ነው። ገበያው በሚሠራበት፣ ዕቃውም በሚገኝበት ስፍራ ለብዙ ቤተሰብ የሚበጀው ገንዘብ ነው። የመጋዘን፣ የማጓጓዣና የብልሽት ወጪ ይቀራል፤ መድኃኒት፣ ጫማ ወይም የቤት ኪራይ የቱ እንደሚቀድም የሚያውቀውም ባለቤቱ ነው። ኪራይ በቀጥታ ለአከራዩ የሚከፈለው ተከራዩ ሲስማማ ብቻ ይሁን፤ አከራዩ የተከራዩን ችግር ሲያውቅ ሊያስወጣው ይችላልና። ገንዘብ የማይመችበት ቤትም አለ፤ በቤት ውስጥ በመጠጥ የሚያጠፋ ሰው ካለ ወይም ዕቃው ከገበያ ከጠፋ በዓይነት መስጠት ይሻላል። ይህን የሚለየው ጥንድ ሆኖ ቤት የሚጎበኘው አገልጋይ ነው። ጎብኚው የሚቀመጠው ባለቤቱ ባስቀመጠው ስፍራ ነው፤ ማሰሮ አይከፍትም፣ ጓዳ አይገባም። የሚጠይቀው አራት ነገር ነው፦ በቤቱ ስንት ሰው ያድራል፣ ማን ይሠራል፣ ማን ይታመማል፣ በዚህ ሳምንት የማያሳድር ነገር የትኛው ነው።

አራተኛው የአባልነት ማስረጃው ነው። መመሪያው ገላትያ 6፥10ን ይጠቅሳል፤ የጠቀሰው ግን ሁለተኛውን ግማሽ ብቻ ነው። ጥቅሱ ለሰው ሁሉ መልካም እናድርግ ብሎ ይጀምራል። የሰማርያው ሰው የወደቀውን ሲያነሣ እምነቱን አልጠየቀም፤ ቁስሉ ላይ ዘይትና ወይን አፈሰሰ፣ በራሱ አህያ ጭኖ ወሰደው፣ ለእንግዶች ማደሪያው ጠባቂ ሁለት ዲናር ሰጠ፣ ከዚህ በላይ የምትከስረውንም ስመለስ እከፍላለሁ አለ (ሉቃ. 10፥34–35)። ቤተ ክርስቲያን በጠላቶቿ ዘንድ ሳይቀር የተመሰከረላት በዚህ ነው። በከሃዲው የሮም ንጉሥ በዑልያኖስ ስም የሚታወቀው እ.ኤ.አ. የ362 ደብዳቤ፣ ክርስቲያኖች የራሳቸውን ድሆች ብቻ ሳይሆን የእኛንም ይረዳሉ፣ የእኛ ሰዎች ግን ከእኛ እርዳታ ማጣታቸው ያሳፍራል እያለ የአረማውያኑን ሊቀ ካህናት ይወቅሳል።

ከትምህርቱም በላይ ውጤቱን ተመልከቱ። ማስረጃው ከተጠየቀ ወዲህ ለአባልነት የሚመዘገቡ ሰዎች በዝተዋል። ከእነርሱ መካከል ልቡ የተነካ ማን እንደሆነ፣ ስለ ከረጢቱ የመጣው ማን እንደሆነ አሁን መለየት አይቻልም፤ በእውነት የመጣውም እንደ ሆዳም ይታያል። ደጃችንን ለተራበ ሁሉ ክፍት ብናደርግ ኖሮ ለወንጌል የሚመጣ ሰው ያለ ጥርጣሬ ይመጣ ነበር።

ሥራ ያጡ የቀን ሠራተኞችን ጥያቄ ለመመለስ ደግሞ «ሊሠራ የማይወድ አይብላ» የሚለው ቃል በቃለ ጉባኤ ተጽፎ አይተናል (2ኛ ተሰ. 3፥10)። ጳውሎስ የገሠጸው መሥራት እየቻሉ ሥራ ትተው በሰው ጉዳይ ይገቡ የነበሩትን ነው። ጥቂት ዝቅ ብሎም መልካም ሥራን ከመሥራት አትታክቱ ይላል (3፥13)። ጎሕ ሲቀድ ወጥቶ የሚቀጥረው አጥቶ የተመለሰን ሰው ከእነዚያ ጋር መቁጠር በደል ነው።

ጳውሎስም ለመበለቶች መዝገብ እንዲያዝ አዝዞ የለም ወይ የሚል ጥያቄ ተነሥቷል። አዎን፤ ዕድሜያቸው ከ60 ያላነሰ እንዲመዘገቡ፣ ዘመድ ያላቸውንም አስቀድሞ ዘመዶቻቸው እንዲረዱ ጽፏል (1ኛ ጢሞ. 5፥3–16)። እኛም መዝገብ እንይዛለን፣ በየሦስት ወሩም እናድሳለን፤ ሥራ ያገኘ ወይም ዘመድ የደረሰለት ይወጣል፣ አዲስ ችግረኛ ይገባል። በሁለት ቦታ የተመዘገበን ሰው ከአጎራባች አብያተ ክርስቲያናት ጋር የካርድና የቤተሰብ ቁጥር በማመሳከር ለማግኘት ይቻላል። እንዲህም ሆኖ የሚያታልል አይጠፋም። የሚያታልለው ሰው የሚያሳጣን ጥቂት ከረጢት ነው፤ ለእርሱ ብለን የዘረጋነው ሰልፍና ካሜራ ግን ከሁሉ የባሰ የተራቡትንና ዓይነ አፋሮቹን ያስቀርብናል። ከሁለቱ የትኛው ኪሣራ እንደሚከብድ ለእኛ ግልጽ ነው።

የወር ስብሰባው ብዙ ማብራሪያ አይፈልግም። ዛሬ ማታ የሚበላ የሌለው፣ ነገ ከቤት የሚባረር፣ የስኳር መድኃኒቱ ያለቀበት ሰው ሦስት ሳምንት አይጠብቅም። ያዕቆብ የሚያስፈልጋቸውን ሳይሰጡ «በደኅና ሂዱ፣ እሳት ሙቁ፣ ጥገቡም» ማለት ምን ይጠቅማል ብሎ የጠየቀው እንዲህ ያለውን ነው (ያዕ. 2፥15–16)። ሁለት አገልጋዮች በአንድነት ፈርመው እስከ አንድ ሳምንት የሚደርስ ድጋፍ በዕለቱ እንዲሰጡ ይፈቀድ፤ ጉባኤው ወጪውን በወሩ ስብሰባ ይመርምር።

የመጨረሻው የሣጥኑ ገንዘብ ነው፤ እዚህ ላይ ጠንከር ብለን እንናገራለን። ለድሆች ተብሎ በሣጥን የገባ ገንዘብ ባለቤት አለው፤ ጉባኤው ጠባቂው ነው እንጂ ባለቤቱ አይደለም። ሕንፃ መሥራት መልካም ነው፤ የሚሠራው ግን ለሕንፃ ተብሎ በተሰጠ ነው። እ.ኤ.አ. በ251 የሮም ጳጳስ ቆርኔሌዎስ በጻፈው ደብዳቤ ቤተ ክርስቲያኒቱ ከ1,500 በላይ መበለቶችንና ችግረኞችን ትረዳ እንደነበር ይናገራል፤ ያ ዘመን ስደት ገና ያላበቃበት ነበር። ዮሐንስ አፈወርቅም የአንጾኪያ ቤተ ክርስቲያን ገቢዋ እጅግ ባለጸጋ ካልሆነ ከአንድ ሀብታም ገቢ የማይበልጥ ሆኖ ሳለ በየዕለቱ 3,000 መበለቶችንና ደናግልን እንደምትረዳ ለምእመናኑ ሰብኳል። የሚላኑ ጳጳስ አምብሮስዮስ ደግሞ ምርኮኞችን ለመቤዠት የቤተ ክርስቲያንን ንዋየ ቅድሳት አቅልጧል፤ ሲነቅፉትም ከወርቁ ይልቅ ነፍሳትን ማዳን ይሻላል ብሎ መልሷል። ለመዋጮ ስንቀሰቅስ ሁለት ሳንቲም የጣለችውን መበለት ሁልጊዜ እንጠቅሳለን (ማር. 12፥41–44)። ከዚያ በፊት ባለው ቁጥር ጌታ የመበለቶችን ቤት ስለሚበሉ ጸሐፍት የተናገረውንም አብረን ብናነብ ይገባናል።

በኢየሩሳሌም በዕለታዊው አገልግሎት መበለቶቻቸው ችላ ስለተባሉባቸው ግሪክኛ ተናጋሪዎች ባንጎራጎሩ ጊዜ ሐዋርያት አጉረምራሚዎቹን አልቀጡም። ሰባት ሰዎች አስመረጡ፤ ከእስጢፋኖስ እስከ ኒቆላዎስ የሰባቱም ስም የግሪክ ስም ነው (ሐዋ. 6፥1–6)። ቅሬታ ያነሣው ወገን አስተናባሪ ሆነ ማለት ነው። በዚህ መሠረት ጉባኤውን የምንጠይቀው የሚከተለውን ነው፦

የስም ጥሪውና ፎቶው ከዚህ ሳምንት ጀምሮ ይቁም፤ የተለጠፉት ፎቶዎች ከገጹ ይነሡ፤ ያቺ እናትም ይቅርታ ትጠየቅ።

ድርሻው በቤተሰቡ ቁጥር ይሁን፤ ዘይት በመሸጧ የተሰረዘችው መበለት ትመለስ፤ ገንዘብ ለሚበጀው ገንዘብ ይሰጥ።

የአባልነት ማስረጃው ይቅር። የአስቸኳይ ድጋፍ ፈቃድ ከላይ በተገለጸው መንገድ ይሰጥ።

የችግረኞች ገንዘብ በተለየ ሒሳብ ይቀመጥ፤ ወደ ሕንፃው የዞረው ይመለስ፤ የሚመለስበትም ቀን በጽሑፍ ይገለጽልን። መጋዘኑ ለእህል ብቻ ይለይ።

በእኛም ላይ ቁጥጥር ይደረግ። ሣጥኑ ሁለት ቁልፍ ይኑረው፣ ቁልፎቹም በሁለት ሰው እጅ ይሁኑ፤ ሲከፈት ሁለቱ ባሉበት ተቆጥሮ እዚያው ይፈረም። ግዢ ከሦስት ነጋዴዎች ፕሮፎርማ ተሰብስቦ ይፈጸም፤ የመረጠው ሰው ገንዘብ አይክፈል፣ የከፈለውም ዕቃ አይረከብ። ጉባኤው ሳያስታውቀን መጋዘኑን ያስቆጥር፤ ሒሳባችንንም በዓመት አንድ ጊዜ ከእኛ ውጭ የሆነ ባለሙያ ይመርምረው።

በአገልግሎት ክፍሉ ውስጥ እርዳታ ከሚቀበሉት ወይም ከዚህ ቀደም ከተቀበሉት መካከል ቢያንስ ሁለት ሰዎች፣ አንዷ መበለት፣ ከሙሉ ድምፅ ጋር ይቀመጡ።

መልሱን ከሚቀጥለው የጉባኤ ስብሰባ በፊት በጽሑፍ እንጠብቃለን። እስከዚያው ድረስ ቤት ለቤት የማድረሱን ሥራ አናቋርጥም፤ ስም ጠርተን በአደባባይ ከማደል ግን ታቅበናል።

ከአክብሮት ጋር፣

የችግረኞች መርጃ አገልግሎት ክፍል
ሰብሳቢ፣ ሒሳብ ያዥ፣ የመጋዘን ኃላፊና የቤት ለቤት ጎብኚ አገልጋዮች